እናቴ የመረጠችው ጎማ

የአዲስ ጎማ ሽታ ዛሬም አልችልም። ባለፈው ሚዛን ከተማ ገበያ ወርጄ፣ አንዱ ሱቅ በር ላይ ተደርድሮ አየሁና፣ ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ዘይት ልገዛ መውጣቴን ረስቼ መንገድ ተሻገርኩ። ሰው ምን ሆነች ይበል፤ ምን ቸገረኝ!

ነገሩ የሆነ ጊዜ የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ ከሸኮ ገጠር ቡናና ኮረሪማ ወደ ሚዛን ያመላልስ ነበር። ቤታችን የሚተዳደረው በእሷ ነው። ጎማዋ ግን አልቆ ልሙጥ ሆኖ ነበር፣ ክረምቱም ደርሷል። ሰማዩ ከጠዋት ጠቁሮ፣ ጫካው ላይ ጉም ተኝቶ ይውላል። እናቴ ያንን ደመና ስታይ እህል አይወርድላትም ነበር። አባታችንን የወሰደብን ጭቃ ነዋ! እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ገደል ገባ።

ወንድሜ ጎማ ሊገዛ ሲነሳ፣ "እኔም እመጣለሁ" ብላ ነጠላዋን አነሳች። እኔም ተከተልኳቸው።

አማን ከተማ ያለው ጎሚስታ ሁለት ዓይነት ጎማ አንከባሎ አመጣልን። አንዱ የጭቃ የሚባለው ነው፤ ጥርሱ ትልልቅ፣ በመሃሉ እጅ የሚያስገባ። ሌላው ጥርሱ ጠበብ ጠበብ ያለ፣ ለአስፋልቱም ለፒስታው፣ ለጠጠሩ መንገድም የሚሆን።

ወንድሜ ሁለተኛውን በእግሩ መታ መታ አደረገው። "ይሄ ይሻለኛል፣ እማዬ። ያኛው ጭቃ ላይ አንደኛ ነው፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን አይይዝም፣ ያንሸራትታል። እኔ ደግሞ ግማሹን መንገድ አስፋልት ላይ ነኝ።"

"አስፋልት ማንን ገደለ?" አለች እናቴ። "እኔ የማውቀው ጭቃን ነው።"

"እማዬ፣ ስሚኝማ..."

"አልሰማም! አንተንም ቀብሬ ልቀመጥ?"

 ወንድሜ እሷ ስትቆጣ ቃል የማይመልስ ልጅ ነበር። ጉድ እኮ ነው፣ ያን ቀን እንኳ ቢከራከር ምን ነበረበት! ትልልቅ ጥርስ ያለውን አስገጠመ። እናቴ በአራቱም ላይ እጇን ጭና ጸለየች። ጎሚስታው፣ "በቃ ማዘር፣ ጎማውም ጌታን ተቀበለ" ብሎ ሲያሾፍ ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች። የመኪና ነገር ተነስቶ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጭቃ ላይ ጎማው ጀግና ነበር። ሌላው መኪና ተቀርቅሮ ሲያጓራ ወንድሜ አልፎት ይሄዳል። አስፋልት ሲወጣ ግን ያጉረመርማል፤ ድምፁን ስሰማ ደስ አይለኝም ነበር። አንድ ቀን አብሬው ስሄድ ዝናቡ ያዘን። ወንድሜ ከንፈሩን ነክሶ፣ መሪውን አንቆ ይነዳል። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ወደ ጎን ሄደችብን። ቆመና ላቡን ጠረገ። "አየሽ?" አለኝ። 

ክረምቱ ሳይወጣ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጥሎ ገና ሲያባራ፣ ሰዎች እየሮጡ ግቢያችን ገቡ። ወንድሜ አደጋ የደረሰበት ከተማው መግቢያ ላይ ነበር፣ ያ ደህናው አስፋልት ላይ። ላም ድንገት መንገድ ገብታበት፣ ፍሬን ቢይዝ መኪናዋ አልቆም ብላ ተንሸራታ ዛፍ መታች።

ሆስፒታል ስንደርስ እናቴን ሰዎች በር ላይ ይዘው አስቀሯት። እኔ ገባሁ። ደረቱ ተጎድቶ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ጎንበስ ስል እጄን ጨበጠኝ።

"ፍሬኑ ነው በያት" አለኝ።

"ምኑ?"

"ፍሬኑ እምቢ አለው በያት። የጎማውን ነገር እንዳታነሺባት።"

ሌላ ቃል አልወጣውም። ወይኔ ወንድሜ! ነፍሱ ልትወጣ እሱ የሚጨነቀው ለእሷ ነበር።

እንዳለኝ ነገርኳት። ዛሬ አርጅታለች። ዝናብ ሲጥል በረንዳ ላይ ተቀምጣ ያንን ፍሬን ትረግማለች። በቀደም ደግሞ ድንገት እርግማኗን አቋርጣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"ጎማው እኮ ደህና ነበር፣ አይደል ልጄ?"

"ደህና ነበር፣ እማዬ" አልኳት፣ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ እየደረብኩላት።