በመጥፎ ፊልም ውስጥ የቀረ ትንፋሽ

ኢሳኪሙቱ የሲኒማ ቤቱን በር በትከሻው ገፍቶ ሲወጣ፣ ለቀጣዩ ትርኢት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ።

«ጀግናው ሰባት ጊዜ ተነፈሰ» አለ ደረጃው ላይ ቆሞ።

ሳቅ ሆነ። ግማሹ ሰልፈኛ ወዲያው ተበተነ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጧል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ደግሞ በታሚሎች አገር በየመንደሩ የካባዲ ጨዋታ ዳኝቷል። ሁለቱንም የሠራው በአንድ ፊሽካ ነው። የካባዲ አጥቂ ወደ ባላጋራው ሜዳ የሚገባው «ካባዲ፣ ካባዲ» እያለ ነው፤ በዚያው በአንድ ትንፋሽ ሰው ነክቶ መመለስ አለበት። መሐል ላይ አየር ከሳበ ከጨዋታ ወጥቷል። የኢሳኪሙቱ ጆሮ ያንን አየር ሲያድን ኖሮ፣ ሲኒማ ቤት ገብቶም ማደኑን አልተወም።

ፊልም ይወዳል፤ የሚናደደውም ስለሚወድ ነው። ክሪኬት ፊልም ላይ ኳስ በዝግታ እያሾረ የሚወረውረው ልጅ እንደ ፈጣን ወርዋሪ ከሩቅ ተንደርድሮ ሲመጣ አይቶ ተነሥቶ ወጥቷል። የሩጫ ፊልም ጀግኖች የመጨረሻዋን መቶ ሜትር የሚሮጡት የእናታቸውን ዕድሜ በሙሉ እያስታወሱ ነው ይላል። አሠልጣኙ ሁልጊዜ ሰካራም ነው፤ አባትየው ከፊልሙ የመሐል እረፍት በፊት ልቡን ይይዛል፤ ከእረፍት በኋላ ዝናብ ይዘንባል። ስፖርት የሌለባቸውም በሱ ዘንድ አልተሻሉም። የታሚል ፊልም ሠሪ የመጀመሪያውን አጋማሽ አስቦ ይጽፍና ሁለተኛውን ለተዋናዩ አድናቂዎች ይተውላቸዋል፣ ባይ ነው። ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት የሱን ፍርድ የሚጠብቀው ዋሽቶ ስለማያውቅ ነበር።

ያን ዓርብ ግን ፍርዱን ሰጥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም። ወደ ትኬት መስኮቱ ተመልሶ ለቀጣዩ ትርኢት አንድ ትኬት ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ቬላዩታም የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አንናቺ» አለው እንደ ታላቅ ወንድም፤ «ፊልሙን አሁን አይደል እንዴ የገደሉት?»

«አንድ ስጠኝ አልኩህ።»

ቅድም ባየው የካባዲ ፊልም መጨረሻ ጀግናው ለመጨረሻው ጥቃት ሲገባ፣ «ካባዲ፣ ካባዲ» የሚለው ድምፅ የተዋናዩ አልነበረም። ተዋናዩ ለፍቅረኛው ፈገግ ብሎ አፉን ሲዘጋ እንኳ ድምፁ አላቋረጠም። የአንዱን አፍ በሌላው ድምፅ መሙላት የተለመደ ሥራ ነው። ኢሳኪሙቱን ያስደነገጠው ድምፁ የመንደሩ አጥቂ የሱዳላይ መሆኑ ነው። ሱዳላይ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ድምፁን ተከትሎ ደግሞ ፊሽካ ተነፋ፤ ፊሽካው የራሱ የኢሳኪሙቱ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ምክንያት አይጠፋለትም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በቤተ መቅደሱ በዓል የፍጻሜ ጨዋታ ላይ፣ ፊልም ከሚሠራበት ከተማ ከቼናይ የመጡ ሁለት ሰዎች ማይክራፎን ረጅም ዘንግ ላይ አስረው ከዳኛው ጎን ቆመው ውለዋል። ለፊልም የሚሆን ድምፅ እናጠራቅማለን ብለው ነበር።

በዚያ ጨዋታ ሱዳላይ ሦስት ሰው ነክቶ ሲመለስ፣ መስመሩ አንድ ክንድ ሲቀረው ኢሳኪሙቱ ትንፋሽ ሰማና ነፋ። ቡድኑ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ሱዳላይ አልተነፈስኩም ብሎ ቢምልም የሰማው አልነበረም። ልጆች ሳይቀሩ «ትንፋሽ ሌባ» አሉት። ጨዋታውን ትቶ ሩቅ አገር ጡብ መተኮሻ ገባ፤ ሳንባው ታሞ ተመለሰና ሞተ። ኢሳኪሙቱ ቀብሩ ላይ አልቆመም። ትክክል ፈርጃለሁ ብሎ ያምን ነበር። አሁን ግን ማረጋገጥ ይችላል፤ ማስረጃው በቀን አራት ጊዜ ይታያል።

በሁለተኛው ትርኢት ሰዓቱን ይዞ ቆጠረ። ከመጀመሪያው «ካባዲ» እስከ ፊሽካው ሃያ አንድ ሴኮንድ።

ቅዳሜ ረፋድ እንደገና ገባ። ሃያ ስድስት ሆነ።

ወደ ማሳያው ክፍል ወጥቶ ቬላዩታምን ጠየቀው። ቬላዩታም ፊልሙ ከቼናይ ተቆልፎ የሚመጣ ፋይል እንደሆነ፣ አንዲት ሴኮንድ መጨመር የሚችል ሰው እንደሌለ፣ ሁልጊዜም በዚያችው ደቂቃ እንደሚያልቅ ማሳያውን እየጠቆመ አስረዳው። እውነቱን ነበር፤ ቁጥሩ ይታያል።

ኢሳኪሙቱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ያስቀመጠው የተጨመረው አምስት ሴኮንድ አይደለም። ከፊሽካው በፊት ትንፋሹን ሰምቶታል፤ አጭርና ጥርት ያለ፣ ያኔ እንደሰማው። ግን ትንፋሹ ሲሳብ «ካባዲ» የሚለው ድምፅ ከሥሩ እየሄደ ነበር። ሰው እየተናገረ አየር አይስብም። ስለዚህ የሳበው ሌላ ነው፤ ለማይክራፎኑ ቅርብ የሆነ፣ ፊሽካ ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለመንፋት የተዘጋጀ ሰው። የፈረደው በራሱ ትንፋሽ ነበር።

ይህን ለአንድ ሰው ማሰማት ነበረበት፤ ለሱዳላይ ሚስት ለፔቺያማል። በአፍ መንገር ቀላል ነው። ግን ሴትየዋ የሱን ቃል አንዴ አይታዋለች።

የቅዳሜ ከሰዓት ትርኢት ተሰረዘ። አራት ትኬት ብቻ ነበር የተቆረጠው፤ ከአሥር ሰው በታች ከሆነ ሲኒማ ቤቱ ፊልም አያስጀምርም። ሰኞ ፊልሙ እንደሚወርድ ቬላዩታም ነገረው። ኢሳኪሙቱ ለእሑድ ሰው አመጣለሁ አለ።

«ገድለውት ሲያበቁ ለቀብሩ ሰው ይሰበስባሉ?» አለ ቬላዩታም።

ፔቺያማል ደጇ ላይ ተቀምጣ ትንባሆ በቅጠል እየጠቀለለች ነበር። የመጣበትን ሲነግራት እጇ አልቆመም።

«ዳኛ» አለች። አንናቺ ብላው አታውቅም። «አልተነፈስኩም እያለ ነው የሞተው። ከፊልም የምሰማው ምን ቀረኝ?»

ሻይ ቤት ሄዶ የድሮ ወዳጆቹን ለመነ። አንዱ ፊልሙ ከዓርብ ወዲህ ተሻሻለ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ሌላው የፊልሙ ባለቤት የቢርያኒ ሩዝ ሳይጋብዝህ አልቀረም አለ። ፊልሙ ያው መጥፎ ነው፣ ግን ኑ፣ ብሎ መለሰላቸው። ይህን ከሱ ሰምተው ስለማያውቁ ስምንቱ መጡ። ፔቺያማል ዘጠነኛ ሆና መጣች፤ በሴቶቹ ወገን ብቻዋን ተቀመጠች። ራሱ አሥረኛው ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ሳቁ፣ ኦቾሎኒ ቆረጠሙ፣ ሰካራሙን አሠልጣኝ ሰደቡ። ከዚያ የመጨረሻው ጥቃት መጣ።

ድምፁ ከመጋረጃው ግራ ተነሣ። ኢሳኪሙቱ ቆጠረ። ትንፋሹ ተሰማ፤ ፊሽካው ተነፋ። ድምፁ አልቆመም።

መጋረጃው ላይ ጀግናው አሸንፏል። ሰዎች ተቃቅፈው ይዘላሉ፤ አፋቸው ተከፍቷል፤ ግን ከአፋቸው የሚወጣ የለም። አዳራሹ ውስጥ ያለው «ካባዲ፣ ካባዲ» ብቻ ነው። አርባ ሴኮንድ ደረሰ። ድምፁ ግድግዳውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከኋላ ደግሞ በወንበሮቹ መሐል ወደ ፊት መጣ፤ ዝቅ ብሎ፣ እንደሚያጠቃ ሰው ወዲያና ወዲህ እያለ። ኦቾሎኒ መቆርጠሙ ቆመ። ከስምንቱ አንዱ ቀስ ብሎ እግሮቹን ወንበሩ ላይ ሰቀለ። ስልሳ። ሰው የሚባል ፍጡር ስልሳ አይደርስም። ኢሳኪሙቱ የትንፋሽ መቆረጥ ሲጠብቅ ኖሯል፤ አሁንም ጠበቀ፤ አልተቆረጠም። ድምፁ ከጎኑ ቆመ።

ከሴቶቹ ወገን ፔቺያማል ተናገረች። ጮክ አላለችም።

«ዳኛ፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

ተነሣ። ጉልበቱ የፊቱን ወንበር መታው።

«አልተነፈሰም» አለ። «የተነፈስኩት እኔ ነኝ። ነጥቡ የሱ ነው።»

ዳኛ ለአጥቂ ነጥብ ሲሰጥ እንደሚያደርገው ክንዱን ዘረጋ። «ካባዲ» የሚለው ድምፅ ቆመ። ከዚያ በጆሮው ሥር አንድ ሰው አየር ሳበ፤ ረጅም፣ ጥልቅ፣ ከውኃ ሥር እንደወጣ ሰው። ስምንቱም ሰሙት።

የመጨረሻው ዘፈን ተጀመረ። ፔቺያማል የሳሪዋን ጫፍ አስተካክላ ወጣች። ቬላዩታም በሩ ላይ ፊልሙ እንዴት ነበር ብሎ ጠየቃት። ረዝሟል አለችው።

ሰኞ ፊልሙ ወረደ። ኢሳኪሙቱ በዚያው ሳምንት የዳኝነት ፈቃዱን ለካባዲ ማኅበሩ መለሰ።