ሰባት ጊዜ ስምንት ደረጃው ላይ ነው

ሰሞኑን የምንኖርበትን የገርጂ ኮንዶሚኒየም ደረጃ እያስቀባን ነው። ከሥራ ስገባ ገና ከመግቢያው የስቱኮና የውኃ ቀለም ሽታ ይቀበለኛል። አፍንጫ ውስጥ ቀዝቀዝ የሚል፣ እርጥብ አቧራ የሚመስል ሽታ ነው። ቀለም ቀቢዎቹ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉት ድምፁ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኛ በር ድረስ ይመጣል። ጎረቤቶቻችን ልብሳችን ተበላሸ እያሉ ያማርራሉ። እኔ ትናንት አመሻሽ ላይ ቦርሳዬን እንደያዝኩ መሀል ደረጃ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ሌላ ቤት ወሰደኝ፤ አያት ሰፈር፣ ክረምት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ።

አባቴ ጅምር ቤቶችን የሚጠብቅ ዘበኛ ነበር። ባለቤቶቹ ገንዘብ ሲያጥራቸው ወይም ብረት ሲወደድባቸው ቤቱን እንዳለ ትተውት ይሄዳሉ፤ እኛ እንገባበታለን። ቤቱ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ሌላ ጅምር እንዛወራለን። ከወሎ ከመጣን ጀምሮ የኖርነው እንዲህ ነበር። በዚህ መሀል ትምህርት ቤት አመለጠን። ምዝገባ ሲደርስ ወይ ገና መግባታችን ነው፣ ወይ ልንወጣ ነው። የቀበሌ መታወቂያ አምጡ ሲባል ደግሞ የምንኖርበት ቤት የእኛ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ እንዲህ እንዳለ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው።

አያት ሰፈር ያለው ቤት ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ነበር። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ሳይነካው ቆሟል። መስኮቶቹ መስታወት ስላልገባላቸው በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍነዋል። ቀን ቀን በዚያ ላስቲክ የሚያልፈው ብርሃን ኩሬ ውስጥ የተቀመጥን ያስመስለን ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ላስቲኩ እንደ ሰው ሆድ ይነፋና ይሟሽሻል። የምንተኛው ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ቢሆንም ቀኑን የምናሳልፈው ትልቁ ቤት ውስጥ ነበር። ስንሯሯጥ ድምፃችን ባዶው ክፍል ውስጥ ይገዝፋል፤ ያኔ አባቴ ከውጭ ይጮሃል፦ «ቀስ በሉ! የሰው ቤት ነው!»

እናቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። እዚያ ቤት እንደገባን ሰሞን፣ የኮርኒስ ሠራተኞች ጥለውት ከሄዱት ክምር ውስጥ አንድ የጄሶ ስባሪ አነሣችና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ «ሀ» ብላ ጻፈች። ግራጫው ልስን ላይ ነጩ ጄሶ ቁልጭ ብሎ ታየ። አባቴ ደነገጠ።

«ምን ነካሽ? የሰው ግድግዳ'ኮ ነው!»

«ይቀባ የለም እንዴ?»

«ቢቀባስ?»

«ሲቀባ ይጠፋል። እስኪቀባ ይማሩበት።»

አባቴ ትንሽ ቆሞ ፊደሉን አየው፤ ከዚያ ተጨማሪ የጄሶ ስባሪ ለቅሞ በአሮጌ ባርኔጣው አምጥቶ ሰጣት።

ሳሎኑ የእኔ ሆነ፤ ፊደሉ ከመስኮቱ ተነሥቶ በሩን ዞሮ ተመልሶ መስኮቱ ጋ ያልቃል። መኝታ ቤቶቹ የወንድሜ ንባብ ነበሩ። መጽሐፍ ስላልነበረን እናቴ ጠዋት ጠዋት የቤታችንን ወሬ ትጽፍለታለች። «ትናንት ዝናቡ በጣሪያው ገባ። አባታችን ላስቲክ አለበሰው። ሽሮው ግን ዳነ።» እኔ ፊደል ከለየሁ በኋላ መጀመሪያ ያነበብኩት ዜና ይህ ነው። ስንት ዓመት ዜና ስጽፍ ኖሬ ከዚህ ያጠረና የተሟላ መጻፌን እጠራጠራለሁ።

ሂሳብ ያለው ደረጃው ላይ ነበር። እናቴ የማባዣውን ሰንጠረዥ በደረጃው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ፣ በእያንዳንዱ እርከን ትይዩ አንድ መስመር አድርጋ ጻፈችው። የቆምክበትን መስመር ሳትል ወደ ላይ አትወጣም። ከሁለት ተነሥተን፣ አንዱ ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ እያጠፋች፣ ክረምቱ ሲገባ ሰባት ላይ ደረስን። እሷ ሁልጊዜ አጠገባችን አትቆምም። ጓሮ ልብስ እያጠበች፣ ወይም በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ትሰማናለች።

«አልሰማሁም! ጮክ በል!» ትላለች ከጓሮ።

«ሰባት ጊዜ አራት ሃያ ስምንት!»

«ቀጥል።»

ምስጋናዋ ይህችው ነበረች። ጎበዝ ማለት አታውቅም። ለወንድሜ «ቀጥል»፣ ለእኔ «ቀጥይ»፤ ትክክል መሆናችንን የምናውቀው በዚህ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የቤቱ ባለቤት ቀለም ቀቢዎች ይዞ መጣ። ለእንቁጣጣሽ ሊገባበት ነው። ለአባቴ ገርጂ አካባቢ ሌላ ጅምር እንዳገኘለት ነገረው፤ ብሎኬቱ ገና ወገብ ላይ የደረሰ፣ ግድግዳ የሌለው። በዚያው ሳምንት እናቴ ዣንጥላ ይዛ፣ በፕላስቲክ ጫማ ያንን የአያት ጭቃ እየሰነጠቀች ገርጂ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄደች። ርእሰ መምህሩ መልካም ሰው ነበሩ። መታወቂያው ቢቆይም ልጆቹን እንደሚቀበሉ ነገሯት። ወንድሜ ግን ማስረጃ ስለሌለው ከአዲስ ዓመት በፊት ይፈተናል፤ ካለፈ አራተኛ ክፍል፣ ካላለፈ አንደኛ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሳቀ። የንዴት ሳቅ ነበር። በዚያ ዕድሜው አባቴ ትከሻ ደርሷል።

«ከእሷ ጋር?» አለ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። «ከእነዚህ ንፍጣሞች ጋር አንድ ዴስክ ላይ? አልቀመጥም። መገናኛ ሄጄ ሊስትሮ እሆናለሁ።»

«አትሆንም» አለችው እናቴ።

«እሆናለሁ። እውነቴን ነው፣ እማዬ።»

እውነቱን ነበር። ሁላችንም አውቀነዋል። የማን እንደሆነች የማላውቃት የሊስትሮ ሳጥን በማግሥቱ ከበሩ ኋላ ተቀምጣ አየናት።

ከዚያ በኋላ ነሐሴ ሙሉ የሆነው ነገር ሩጫ ነው። ከኋላችን ቀለም እየመጣ፣ እኛ ከክፍል ወደ ክፍል እየሸሸን። ዋናው ቀለም ቀቢ ቀልደኛ ወጣት ነበር፤ ፀጉሩና ሽፋሽፍቱ ሁሌም ነጭ ነው። እናቴን ቲቸር ይላታል።

«ቲቸር፣ ነገ ሳሎን እገባለሁ። ተማሪዎችሽን አሳልፊ።»

«ከነገ ወዲያ አድርገው። "ጸ" ላይ ነን።»

«"ፐ" እስክትደርሱ ብጠብቅ እኔን ማን ይከፍለኛል?»

ግን ይጠብቃል። በክረምት ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ ሰበብ አላጣም፤ «እርጥበት አለው» ብሎ ይተወውና ሌላ ቦታ ይጀምራል። ሳሎኑ ተቀባ፤ ፊደሌ ከመስኮቱ ጀምሮ በአንድ ቀን ነጭ ሆነ። አላዘንኩም፤ ለይቼው ነበርና። መኝታ ቤቶቹ ተቀቡ። እናቴ አጥብቃ የለመነችው ደረጃውን ብቻ ነው።

«እሱን መጨረሻ አድርግልኝ። እሱን ብቻ።»

«ባለቤቱ ጠዋት ማታ ስለ ደረጃው ነው የሚጠይቀኝ።»

«እርጥበት አለው በለው።»

«ቲቸር፣ ለእኔ ውሸት ታስተምሪኛለሽ?» አለና ኮርኒሱን ሊቀባ ወጣ።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ከሰርቪሷ ፊት ለፊት ምሳ እየበላን ነበር። ወንድሜ በዚያን ጊዜ ሰባትን ያለ ስህተት፣ እየሮጠ ይወጣዋል። አባቴ እሱን ሊያስደስተው ይመስለኛል፣ በጉርሻው መሀል «እስቲ ሰባት ጊዜ ስምንት?» አለው።

ወንድሜ እጁን ጠርጎ ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለችው እናቴ።

«ደረጃው ላይ ነው ያለው» አለ፣ የትልቁን ቤት በር እያሳያት።

አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም። መልሳ አስቀመጠችው፤ ፊቱን ወደ አጥሩ ቆርቆሮ አዞረችና ሰባት ጊዜ ስድስትን፣ ሰባት ጊዜ ዘጠኝን ጠየቀችው። ዓይኑ ቆርቆሮው ላይ መስመር ፈለገ። ጆሮው ቀላ። የሚያውቀው ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ነበር። መስመሩን በዓይኑ እየሰረቀ ነው ሲሮጥ የከረመው፤ ራሱም አላወቀም።

ወንድሜ አሁን አዳማ ነው የሚኖረው። ይህን ከመጻፌ በፊት ደውዬ ጠይቄዋለሁ። የተነሣሁት ውኃ ልጠጣ ነው ይላል። እኔ ያየሁትን ጽፌያለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ቀለም ቀቢውን በር ላይ ጠበቀችው።

«ደረጃውን ዛሬ ቀባው።»

ሰውየው ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ሰበብ ስፈጥርልሽ የከረምኩትን ሰውዬ ልታሳብጂኝ ነው?»

«ቀባው አልኩህ።»

«አሁንማ እኔ እጄ አይታዘዝልኝም። ከፈለግሽ ራስሽ ጀምሪው» አለና ሮለሩን ዘረጋላት። ቀልዱን ነበር። እናቴ ተቀበለችው።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ሮለሩን ባልዲው ውስጥ ነክራ ጠርዙ ላይ አጠነፈፈችው። ወንድሜን ታች አቆመችው። «ሰባት ጊዜ አንድ» አለች፤ ሳይመልስ መስመሩ ላይ ነጭ ቀለም አሳለፈችበት። በገዛ እጇ የጻፈችው እየጠፋ ወንድሜ ይመልሳል፤ አንድ እርከን ይወጣሉ። የሮለሩ እርጥብ ድምፅ፣ ከላይ በላስቲኩ የሚወርደው ሰማያዊ ብርሃን፣ የእናቴ ክንድ ላይ የተረጨው ቀለም፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ ነው። አባቴ ዝናብ ልብሱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሟል። ቀለም ቀቢው ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል።

ስምንት ላይ ደረሱ፤ እዚህ መልሱ ሮለሩን ቀደመው። ወንድሜ «ሃምሳ…» አለና ቆመ። «ሃምሳ አራት?»

እኔ አውቀው ነበር። አፌን ስከፍት አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ ጫን አደረገ። እናቴ ተሳስተሃልም ልክ ነህም አላለችውም። መስመሩ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ዓይኑን ቢያነሣ ያየዋል። ሊያነሣም ነበር። እሷ ቀደመችው፤ ሮለሩን አሳለፈችበትና ነጭ አደረገችው።

ከሮለሩ ቀለም እርከኑ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ወንድሜ ነጩን ግድግዳ ብዙ አየው። ከዚያ እግሩን አንሥቶ ወደሚቀጥለው እርከን አሳረፈና፣ ቀስ ብሎ፣ «ሃምሳ ስድስት» አለ።

«ቀጥል» አለችው።

ጨርሰው ደረጃው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቀለም ቀቢው ተነሥቶ ሮለሩን ተቀበላት። «ቲቸር፣ አያያዝሽ ከረዳቴ ይሻላል። ሥራ ከፈለግሽ አለሁ» አላት። እናቴ ሳቀችና እጇን ልትታጠብ ጓሮ ሄደች። ታጥባ ለመመለስ ብዙ ቆየች።

የፈተናው ዕለት እኔና እናቴ መስኮቱ ሥር ቆመን ነበር። የክፍሉ ግድግዳ ባዶ ነበር። አስተማሪው ሲጠይቁት ወንድሜ ከዴስኩ በታች እግሮቹን ተራ በተራ ሲያነሣና ሲያሳርፍ አየሁት። ተቀምጦ ደረጃ ይወጣል። አራተኛ ክፍል ገባ። ሳጥኗን ማን እንደወሰዳት አላውቅም፤ ከበሩ ኋላ ጠፋች።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዕቃችንን ጭነን ወጣን። ትምህርት እንደተጀመረ አካባቢ፣ አንድ ምሽት ደብተሬን ይዤ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «መ»ን እንዴት እንደምጀምር በጣቷ አሳየችኝ። «ቲቸራችን እንደዚህ አይደለም ያለችን» አልኳት። ጣቷን ከደብተሬ ላይ አነሣች። «እሺ፣ እሷ እንዳለችሽ አድርጊ» አለችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አስተምራን አታውቅም። አስተማሪዎች ነበሩን።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት፤ ጉልበቷ ደክሟል፣ ኮንዶሚኒየማችንም ሊፍት የለውም። ዛሬ አያት ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክንዷን ይዤ ደረጃውን ጀመርን። ከቀለም ቀቢዎቹ አንዱ ልጅ ከላይ «እማማ፣ ግድግዳውን እንዳይደገፉት፣ እርጥብ ነው!» አላት። መንገዳችን ላይ ያንን የአያት ቤት አይተነው ነበር፤ አጥሩ ረዝሟል፣ በሩ ተቀይሯል። አንድ ቀን አንኳኩቼ ልግባና ደረጃውን ልየው እንዴ ብዬ ጠየቅኋት።

«ተይ» አለች። «የሰው ቤት ነው።»

መውጣት ቀጠልን። በየእርከኑ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ሰማኋት፤ ሰባትን እየቆጠረች ነው የምትወጣው። ሰባት ጊዜ ስምንት አለችና ቆመች። የደከማት መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልደከማትም። እየጠበቀችኝ ነበር።

«ሃምሳ ስድስት» አልኳት።

«ቀጥይ» አለችኝ።