የክላርኔት አስተማሪው የፊት ጥርስ

የክላርኔት አስተማሪው ጎረቤቴና እኩያዬ ነው። የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሳልመዘገብ ስምንት ዓመት ተምሬያለሁ። ክላርኔት በእጄ ነክቼ ባላውቅም የትኛው ተማሪ የቱ ጋ እንደሚሰናከል ከእናቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ።

ከማርሽ ባንድ ጡረታ የወጣ ሰሞን የፊት ክፍሉን አስለቅቆ ሁለት ወንበርና አንድ የኖታ ማስቀመጫ አስገባ። በሩ ላይም «ክላርኔት፣ ሳክስፎንና ዋሽንት በግል እናስተምራለን» ብሎ ለጠፈ። «እናስተምራለን» ያለው ምላሱን እንደ ሁለተኛ ሰው ቆጥሮ መሆን አለበት፤ ሚስቱ እንደሆነች ኖታን ከጉንዳን አትለይም።

እጁ ወርቅ ነው፤ ጠላቱ አፉ ነው። «እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር» ይላል። የሚመሽበት ግን ሁልጊዜ እዚያው ቤቱ፣ ያለ ተማሪ ነበር። አንዷ እናት «ልጄ እንዴት ነው?» ብትለው «ትንፋሽስ አለው፤ ለልደት ፊኛ ያስነፉት» አላት። አንዱን የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ «ጆሮ የተሰጠህ መነጽር እንድታንጠለጥልበት ነው» ብሎ ሸኘው።

«አንተ ሰውዬ፣ አንዳንዴ እንኳ ዋሸት ብታደርግ ምን አለበት?» አለችው ሚስቱ።

«የማስተምረው ዋሽንት ነው እንጂ ውሸት አይደለም!»

በዚህ ጥበቡ ሁለት ተማሪ ብቻ ቀርተውት ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የደረቀ ዳቦ ሲገምጥ የላይኛው የፊት ጥርሱ ከሥሩ ተሰበረ። ክላርኔት የሚነፋ ሰው የመሣሪያውን አፍ የሚደግፈው በላይኛው የፊት ጥርሱ ነው። በማግስቱ ሲሞክር በግድግዳው በኩል የሰማሁት የሚተነፍስ ጎማ ነበር። ሁለቱም ተማሪዎች በዚያው ሳምንት ቀሩ።

ሚስቱ እየገፋች ማዶ ካለው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ አፉን አስከፍቶ፣ አደንዝዞ፣ መስተዋቱን ከከተተ በኋላ ጨዋታ ጀመረ።

«ክላርኔት መማር የልጅነት ምኞቴ ነበር። ያስተምሩኛል?»

አፉ ተከፍቶ የደነዘዘ ሰው «እህ» ከማለት ሌላ ምን ይላል? ሐኪሙ እሺታ አድርጎ ያዘው።

የጥርሱ ሥራ አራት ወር ፈጀ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪሙ አስተማሪውን ያስጮኸዋል፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ክላርኔቱን። ጭራዋን በር የቆነጠጣት ድመት እንኳ ከሐኪሙ የተሻለ ዜማ አላት። እኔም ስድቡን ለመስማት ጆሮዬን ቀስሬ ብጠብቅ፣ ከግድግዳው ማዶ የመጣው «ጎበዝ! በርቱ ዶክተር፣ ለውጥ አለ!» የሚል ነበር።

ደንግጬ ወጣሁ። ሚስቱ ደጅ ልብስ ታሰጣለች።

«አመመው እንዴ?» አልኳት።

«ጥርሱ እስኪያልቅ ነው» አለችኝ፣ ሳቋን እየዋጠች።

አዲሱ ጥርስ በተተከለ በሳምንቱ ሐኪሙ እየፈነደቀ መጣ። «ልጄን ልድር ነው! ሠርጉ ላይ እኔው ራሴ እነፋለሁ!»

ለጉርብትናችን ስል ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«ዶክተር» አለ ጎረቤቴ፣ «እስካሁን የዋሸሁዎት ለጥርሴ ብዬ ነው። እርስዎ መንፋት አይችሉም። ወደፊትም አይችሉም። በልጅዎ ሠርግ አይዋረዱብኝ።»

ሐኪሙ ሳቀ። «አውቃለሁ እኮ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ ‹ጥርሴን በየቀኑ እቦርሻለሁ› ሲለኝ ኖሬ ውሸት ይጠፋኛል? ልጄ ግን ‹አባዬ ንፋልኝ› አለችኝ። እርስዎ አጠገቤ ቆመው ይደግፉኛል።»

ጎረቤቴ ያን ቀን አፍሮ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። በሠርጉ ቀን ግን ሱፉን ለብሶ፣ እኔንም አስከትሎ ሄዶ፣ ከሐኪሙ ጎን ቆመ። ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነፋው፤ ሐኪሙም መሐል መሐል ላይ ያችን ድመት ጣል ያደርግ ነበር። ሙሽሪት አለቀሰች። እንግዳው በጭብጨባ አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው፦

«ዶክተሩስ ነፍስ ነው የሚነፋው! ያ አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ነው እየጮኸ ያበላሸበት» አሉ።

በሳምንቱ ሰባት ሰው ሊመዘገብ መጣ። «ዶክተሩን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት?» ሲሉት ጎረቤቴ አንድ ጊዜ ሚስቱን፣ አንድ ጊዜ ጣሪያውን አይቶ «ነኝ» አለ። ሐሰት አልተናገረም፤ የጠየቁትን ብቻ ነው የመለሰው።

ሐኪሙ ዛሬም ዓርብ ዓርብ ይመጣል። «ዶክተር፣ ይሄ ድምፅ ነው ወይስ አቤቱታ?» ይለዋል ጎረቤቴ፤ ሐኪሙም መንፋት እስኪያቅተው ይስቃል። ሲስቅ ቢያንስ ለእኔ ረፍት ነው።