ግማሹ ምጽዋ ነው

ናዝሬት ላይ፣ በጎረቤታችን በሲስተር ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ባሕር ነበር። ግጥም የሚሞክር ሰው ሲያወራ ያጋንናል ስለሚባል ልኩን ልናገር። ሁለት ክንድ የማይሞላ የመስታወት ሣጥን ነው። ከታች ነጭ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ የተበሳሱ የባሕር ድንጋዮች፣ ከድንጋዮቹ በአንዱ ላይ ደግሞ የጅብ ጥላ የሚመስል ነገር። ዓሣ የለበትም። የጅብ ጥላው ቀለም እንደ ለፋ ቆዳ ነው፤ ቀን ቀን ከአናቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጣቶች ያወጣና ያወዛውዛል፣ ሲመሽ ይሰበስባቸዋል። ኮራል ነው፣ እንደ ድንጋይ የማይጠነክረው ለስላሳው ዓይነት። ሲስተር ግን አበባው ይሉት ነበር። እንስሳ መሆኑን ልጃቸው ደጋግሞ ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም አምነዋል፤ ስሙን ግን አልቀየሩም።

እኔ እዚያ ክፍል የገባሁት ባሕር ለማየት አልነበረም። ለጦርነት ከሚደረግ አፈሳ ሽሽት ነው። ምጽዋ በአማፅያኑ ከተያዘች ወዲህ አፈሳ ሊኖር ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር የእኔ እኩዮች ከናዝሬት መንገዶች ይጠፋሉ። የእኛ ቤት ቀበሌው ፊት ለፊት ስለሆነ እናቴ በጓሮ አጥር አሾልካ ወደ ሲስተር ትልከኛለች። ሲስተር የክሊኒክ ነርስ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ማታ ማታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጸልዩ ጴንጤ። የቀበሌው ሰዎች ሁሉ ልጆቻቸውን መርፌ የሚያስወጉት በሳቸው እጅ ስለሆነ ያ ቤት ሲፈተሽ አይቼ አላውቅም።

ክፍሉ የልጃቸው ነው። ልጃቸው የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር፣ ምጽዋ። ለመጨረሻ ጊዜ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ በመርከብ አሰብ ደርሶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ነው ናዝሬት የገባው፤ ጭኑ ላይ ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ። ሣጥኑን እዚሁ ከተማ መስታወት አስቆርጦ ራሱ ገጣጠመው። ባልዲው ውስጥ ያለውን አውጥቶ ሲያስቀምጥ እናቱን እንዲህ አላቸው፤ «እኔ ጋ ካለው ላይ ቆርጬ ነው ያመጣሁት። ግማሹ ምጽዋ ነው። ይኼም ሲያድግ በምላጭ ቆርጠሽ ከድንጋይ ጋር እሰሪው፣ ይይዝና ራሱን የቻለ ይሆናል።»

ምጽዋ ከተያዘች በኋላ ከልጁ ምንም አልተሰማም። ሞተ ያለ የለም፣ ተማረከ ያለ የለም። ሲስተር እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የተከለከለውን የአማፅያኑን ሬዲዮ ከትራስ ሥር አድርገው ይሰሙ ነበር። ጠዋት ደግሞ ከሬዲዮው በፊት ወደ ሣጥኑ ይመጣሉ። ጣቶቹ ሲወጡ እስኪያዩ ቆመው ይጠብቁና «ዛሬም ደህና ነው» ይላሉ። የትኛው ግማሽ ደህና እንደሆነ አይናገሩም።

ሥራው ብዙ ነው። በናዝሬት ሙቀት ውሃው ቀን በቀን ይጎድላል፤ ጨው ግን አይተንም፣ ስለዚህ የጎደለውን ጨው በሌለው ውሃ መሙላት ያስፈልጋል። ሲስተር የውሃውን ልክ በቁስል ፕላስተር መስታወቱ ላይ ምልክት አድርገውበታል። የቧንቧ ውሃ አይጨምሩበትም። የእኛን ከተማ ልጅ ጥርስ አበልዞ የሚያሳድግ ውሃ ለዚህ ምስኪን ምን ያደርገዋል ይሉ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሳፋና ባልዲ ግቢ ውስጥ ይደረደራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተር ይቆማል፤ ያኔ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከላይ መልሶ ማፍሰስ ነው። ይህን የተደበቅኩ ቀን የምሠራው እኔ ነበርኩ።

ስለ ባሕር የጻፍኳቸው ግጥሞች ነበሩኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ከዝዋይና ከላንጋኖ ሌላ ሰፊ ውሃ አላየሁም። ግጥሞቼ ውስጥ ግን ማዕበሉ ጣሪያ ይነካል፣ ነፋሱ ያፏጫል። ጣሳ ይዤ ሣጥኑ ፊት መቀመጥ ከጀመርኩ በኋላ ማዕበሎቼ አሳፈሩኝ። እውነተኛው የባሕር ፍጡር እዚህ፣ ከአፍንጫዬ ፊት፣ ያለ ምንም ጩኸት ጣቱን ይዘረጋል። ስለሱ አንድ ስንኝ መጻፍ አቃተኝ። ማየት ብቻ። ባየሁት ቁጥር ደግሞ ይጎትተኛል፤ ከዚያ ክፍል፣ ከዚያ አቧራ፣ ከዚያ በር ዘግቶ ወሬ ከማዳመጥ ወዲያ ወዳለ ቦታ።

አሮጌውን የምንለውጥበትን የባሕር ውሃ የሚያመጣልን፣ ልጃቸውን ያኔ አሳፍሮ ያመጣው ሾፌር ነው። ደራ የተወለደ፣ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው ነው፣ ተሳቢ ይዞ ከአሰብ የሚመላለስ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቀልድ የማያልቅበት። ጀሪካኖቹን ከጋቢናው ያወርድና «አካም፣ ሲስተር፤ ባሕሩን አመጣሁልዎ» ይላል። እኔን ሲያይ ደግሞ፣ «ገጣሚው፣ አሁንም አልጋ ሥር ነህ? የአሰብ አይጥ እንኳ ካንተ የበለጠ አገር አይታለች።»

ባሕሩ ምን ይመስላል ብዬ ስጠይቀው ትንሽ ያስብና፣ «ይሞቃል። ይሸታል። ሸሚዝ ያበላሻል» ይለኛል። ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ ይህን ብቻ ይዞ የተመለሰውን ሰው ልመታው ይቃጣኛል።

ከዕለታት በአንዱ ሾፌሩ እንደ ወትሮው ጀሪካን አውርዶ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ቸኩሎ ሄደ። ሲስተር አሮጌውን ውሃ ከፊሉን ቀድተው አዲሱን ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ አበባው ጣቶቹን በግማሽ እንጂ አላወጣም። ቀጥሎ ጭራሽ ተጨማደደ። ከዚያም እግሩ፣ ድንጋዩን የያዘበት ቦታ፣ እንደተመታ ሙዝ ጠቆረ። ሲስተር ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቀመሱት። ፊታቸው ተለወጠና እኔንም እንድቀምስ አደረጉኝ። ጨው ጨው አይልም፤ መራራ ነው፣ ምላስ ላይ እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

ሾፌሩ በሚቀጥለው ጉዞው ሲመጣ ሲስተር አልተቆጡም። ውሃው ከየት ነው ብለው ብቻ ጠየቁት። መጀመሪያ ከአሰብ ነው አለ። ቀና ብለው ሲያዩት ግን ኮፍያውን አወለቀ። በረሃው ላይ ጀሪካኑ በሙቀት ተሰንጥቆ ጋቢናው ውስጥ ፈሶ አለቀ። መተሐራ ሲደርስ የበሰቃ ሐይቅ መንገዱ ዳር ተኝቷል፤ ጨዋማ መሆኑን ደግሞ አገር ያውቃል። ሌላ ጀሪካን ገዝቶ ከዚያ ሞላ። «ባዶ እጄን ስመጣ ፊትዎን ማየት ከብዶኝ ነው፣ ሲስተር። ጨው እንደሆነ ጨው ነው አልኩ።»

ያን ዕለት አልቀለደም። ሣጥኑን ሊያይ ገባ፤ የጠቆረውን እግር ሲያይ በኦሮምኛ ለራሱ አንድ ነገር አጉረመረመና ወጣ። የዚያኑ ቀን ጭነት ለምኖ ወደ አሰብ ተመለሰ።

ሲስተር ለክፉ ቀን ብለው አልጋ ሥር ያስቀመጡት አንድ ጀሪካን እውነተኛ የባሕር ውሃ ነበር። እሱን ሳፋ ውስጥ አድርገን፣ ሞተሩን አዙረን፣ አበባውን ከነድንጋዩ ወደዚያ አዛወርነው። ጥቁሩ ግን አልቆመም። ከእግሩ ወደ ግንዱ ይወጣል። አናቱ ገና ጤነኛ ነው። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር። በመጨረሻ እኔ ተናገርኩ፤ ልጅዎ በምላጭ ይቆረጣል ብሎ አልነበር አልኩ።

«ሲያድግ ነው ያለው» አሉ ሲስተር። «ሲያድግ ቁረጪው አለኝ፤ ሲታመም አላለኝም።»

ሲታመምማ ይበልጥ ነው ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። ዓይናቸው ከሳፋው አልተነሣም።

«ይኼ ከተቆራረጠ እሱ ጋ ያለው የምኑ ግማሽ ሊባል ነው?»

ሲስተር የስንት ሰው ቁስል ያጠቡ፣ የበሰበሰ ሥጋ በመቀስ የሚያነሡ ሴት ናቸው። ለዚህ የጅብ ጥላ ግን ምላጭ ማንሣት አልቻሉም። ጠዋት ጠዋት መጥተው ይቆማሉ፤ ዛሬም ደህና ነው ማለታቸውን ትተዋል። እኔ ደግሞ ያ ነገር ሲሞት ማየት ለራሴ ስል አስፈራኝ። እሱ ከሞተ ክፍሉ ክፍል ብቻ ይሆናል፤ ግድግዳ፣ አልጋ፣ የተዘጋ መስኮት፣ ውስጡ የተደበቀ አንድ ሰው።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ነጭ ጋዋናቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ኋላ ክፍል ገቡ። ምላጭና ነጭ ክር ይዘዋል። ወንበር ስበው ሳፋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ዛሬ ለአንዲት እናት፣ የልጅሽ ጣት ካልተቆረጠ እግሩ ይሄዳል ብዬ ነግሬያት መጣሁ» አሉ። «አለቀሰችብኝ። ተቆጣኋት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?»

ከዚያ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ።

ምላጩ ሲያልፍ ድምፅ አልነበረውም። አበባው ተኮማትሮ እንደ ጡጫ ሆነ፣ ከቁስሉ ዝልግልግ ያለ ነገር ወጣ፣ ክፍሉን የማላውቀው ሽታ ሞላው። ሾፌሩ ይሸታል ያለው ይኼ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሲስተር ከጥቁሩ በላይ፣ ጤነኛው ከሚጀምርበትም ትንሽ ከፍ አድርገው ቆረጡ፤ እዚያ ላይ አልሳሱም። የቀረውን አናት ሦስት ቦታ ከፈሉት። እኔ ድንጋይ እይዛለሁ፣ እሳቸው ክር ያዞራሉ። ክሩ ከጠበቀ ለስላሳውን ሥጋ ይበጥሰዋል፣ ከላላ ደግሞ ውሃው ይወስደዋል። የመጀመሪያውን እኔ ልሞክር ብዬ አጥብቄ አሰርኩት፤ ፈትተው ደግመው አሰሩት። «ልታቅፈው ነው እንጂ ልታንቀው አይደለም» አሉኝ። የበሰበሰውን እግር በፋሻ ጠቅልለው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ምን እንዳደረጉት አላየሁም።

ሾፌሩ የመጣው ከወትሮው ቶሎ ነው፤ ከወትሮውም ብዙ ጀሪካን ይዞ። ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት እያንዳንዱን ራሱ ጠጥቶ እንደሞከረው ምሎ ተናገረና እስካሁን ሆዱን እንደሚቆርጠው ጨመረበት። ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሣጥኑን አጥበን፣ አዲሱን ውሃ ሞልተን፣ ሦስቱን ድንጋዮች ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው።

መጠበቁ ረጅም ነበር። አንዱ ቁራጭ እየሳሳ ሄዶ አንድ ጠዋት ክሩ ብቻ ቀረ። ሲስተር ክሩን አወጡት። ሁለቱ ግን ያዙ። ክሩን ሲቆርጡላቸው ከድንጋዩ አልተነቀሉም። ቆይቶ ጣቶች አወጡ፤ በጣም አጫጭር፣ አዲስ የበቀለ ጢም የመሰሉ።

ሾፌሩ እንደገና ሲመጣ ሲስተር አስቀመጡትና ያልጠበቅነውን ጠየቁት። የአሰብ ባሕርና የምጽዋ ባሕር አንድ ነው ወይ?

«አንድ ነው፣ ሲስተር» አለ። «መሐሉ ላይ አጥር የለበትም።»

«እንግዲያው አንዱን ውሰድልኝ።»

ሾፌሩ ወዲያው ገባው። እኔ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ፤ ባሕሩ ውስጥ እንዲያስቀምጥላቸው ነው። ቁራጩን ከነድንጋዩ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ አደረጉት፤ ልጃቸው ያመጣበት ያው ባልዲ ይሁን ሌላ አላውቅም። ወደ መኪናው ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የአፈሳ ወሬ ስላልነበረ መንገድ ላይ መታየት እችል ነበር። ጋቢናው ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ አልወረድኩም። ከሾፌሩ ወንበር ጎን ተቀመጥኩ፤ ልመና እንደማያዋጣ እያወቅኩ ለመንኩት። ባልዲውን እኔ እይዝልሃለሁ አልኩ። ባሕሩን አንድ ጊዜ ብቻ ላየው፣ አንድ ጊዜ።

አልቀለደብኝም። «አንተን አዋሽ ኬላ ላይ ያወርዱብኛል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይኼን ግን ማንም መታወቂያ አይጠይቀውም። ውረድ፣ ወንድሜ።»

ወረድኩ። ተሳቢው አቧራውን አስነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ቆሜ አየሁት። አንዲት ቁራጭ ሥጋ፣ ዓይን የላት፣ እግር የላት፣ እኔ በሕልሜ እንኳ በወጉ ልሥለው ወዳልቻልኩት ቦታ ትሄዳለች። ሰው በኮራል ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ሾፌሩ የተመለሰ ቀን ሲስተር ሥራ አልሄዱም። እንዲገባ እንኳ አልጠበቁትም፤ በሩ ላይ ጥያቄውን ጀመሩ። ወረወርከው ወይስ አስቀመጥከው? አስቀመጥኩት አለ፤ ጫማውን አውልቆ ገብቶ፣ ማዕበል እንዳይገለብጠው በሁለት ድንጋዮች መካከል ወሽቆት። ውሃው ይሞቃል? ይሞቃል። ፀሐይ ያገኛል? ሞልቶ። ጥልቀቱስ?

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ጭኑ ላይ ከጉልበቱ ከፍ ያለ ቦታ በእጁ አሳየ። ሱሪው እዚያ ድረስ ነጭ የጨው መስመር ይዟል፣ ገና አላጠበውም። ሱሪዬን አበላሹብኝ ሊል ጀምሮ ተወው፤ ምክንያቱም ሲስተር በሩ ላይ ተንበርክከው በአንድ ጣታቸው ጨዉን እየነኩት ነበር።