ኦሬስቴና የገረጣችው እመቤት

ቀናተኛ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አንድ ሥጋ ሻጭ ለሚስቱ “እንዴት አደርሽ” ስላላት ብቻ ጢም ብሎ የሞላ ትራም መሀል መንገድ ላይ አቁሞ የወረደ ሰው ግን ከኦሬስቴ ቼኪኔሊ በቀር አላውቅም። እኔ ጋሊያኖ በዚያው ትራም ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ። ኦሬስቴ ሥጋ ሻጩን በጣቱ እያስፈራራ፣ ሚስቱ ኒቬስ የገበያ ዘንቢሏን ይዛ በእፍረት ስትቀላ፣ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው “ሹፌር! ሚስትህ ናት ወይስ ፌርማታ?” ብለው ጮኹ። ትራሙ በሳቅ ተናወጠ። ኦሬስቴ ተመልሶ ሲነዳ ጆሮው ፍም ይመስል ነበር።

ሰውየው በሌላው ነገር ሁሉ ቅን ነው። ሮም ውስጥ ጋርባቴላ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ እንደ አባቱ የትራም ሹፌር፣ ክራባቱን ራሱ የሚተኩስ፣ መጠጥ የማያበዛ ግዙፍ ሰው። ኒቬስ ደግሞ አጭር ናት፤ ሳቋ ሁለት ፎቅ ተሻግሮ ይሰማል። ለፊልም ተዋንያን ድምፅ በሚሰጥበት ቤት ጽሕፈት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ድምፅ እንድትሰጥ የተቀጠረችው ሴት ጉንፋን ይዟት ስትቀር “እስቲ አንቺ እዚህ ቁሚ” አሏት፤ ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ አልተቀመጠችም። በኛ አገር ፊልም ላይ ፊቱ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ሲኒማ ቤት ሲገባ ግን ሁሉም ይረሳዋል። ለኦሬስቴ “የመነኩሴና የአሮጊት ድምፅ ነው የምሠራው” አለችው። እሱም መነኩሴ ላይ አይቀናም ነበርና ፈቀደ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እረፍት ስለነበረን እኔና እሱ የሰፈራችን ሲኒማ ቤት እንገባለን። በዚያ ዘመን የደም መጣጭ ሴቶች ፊልም እንደ ጉድ ይታይ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለታሪኩ ማንም ደንታ አልነበረውም። እኛ የምንሄደው ለዝግታው ነው። ቀኑን ሙሉ ፉጨት፣ ደወል፣ ግፊያ፣ ስድብ ስትሰማ ውለህ፣ እዚያ አንዲት ሴት ቀይ የሐር ልብስ እየጎተተች የግንቡን ደረጃ ስትወርድ ታያለህ። ሻማው አይጠፋም፣ እሷም አትቸኩልም። ትከሻዋ ገላጣ፣ ከንፈሯ ቀይ፣ ፊቷ እንደ ወተት የገረጣ። የሚነከሰው ጎረምሳ አይጮኽም፤ እንዲያውም አንገቱን ያዘነብልላታል። ቄሳችን ከመድረክ ያወገዙት የራቁት ገላውን ነው፤ እኔ ግን ሰውን የሚያሰክረው ያ በሌላ ሰው መፈለግ ይመስለኛል። ከኛ መሀል በዚያ ዓይነት ዓይን የታየ ማን ነበር?

አዳራሹ በትምባሆ ጭስ ታፍኖ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ዴቾ ሁልጊዜ ከኋላ ይጮኻል፦ “እመቤቴ፣ የኔ አንገት ነፃ ነው!”

“ዝም በል! ያንተን የነከሰች ቀን በነጭ ሽንኩርት ሽታህ ትሞታለች!” ይለዋል ሌላው።

ኦሬስቴ አይስቅም። ስንወጣ “ስትናገር ሰማሃት? ቃሉን እንደ ከረሜላ ነው የምታሟሟው” ይለኛል። በገረጣችው እመቤት ፍቅር ተይዞ ነበር። ፎቶዋ ያለበትን የሲኒማ ወረቀት አጣጥፎ በደንብ ልብሱ ኪስ ከተተው፤ ኒቬስ ልብስ ስታጥብ አገኘችው። ጩኸቷን የሰማነው በግቢው ማዶ ነው።

“እኔ ካልሲህን ስፈትግ እሷ ደረትህ ላይ ተኝታለች!”

እኔን ደግሞ ደረጃ ላይ ያዘችኝ። “ጋሊያኖ፣ ይቺ ሴትዮ ሬሳ አይደለችም እንዴ?”

“ናት” አልኳት።

“እንግዲያው በሬሳ የተበለጥኩ ሴት እኔ ብቻ ነኝ!” ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ቅናት እሷንም እንደሚያውቃት ያን ቀን አየሁ።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ቀን በሠራተኞች ምሳ ቤት ኦሬስቴ ሹካውን አስቀምጦ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

“ክንዷ ላይ የአፍ ምልክት አለ። በውስጥ በኩል። በልዟል።”

“ትንኝ ይሆናል።”

“ጥርስ ያለው ትንኝ? ስጠይቃት ‘በር መታኝ’ አለች። ከንፈር ያለው በር አይተህ ታውቃለህ?” ሹካውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ጋሊያኖ። ሐሙስ ከሰዓት ሲኒማው ይቅርና ሥራ ቦታዋ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ብቻዬን ከሄድኩ ሰውየውን እገድለዋለሁ።”

ሄድን። በረኛውን “ቁልፍ ረስታ ነው” ብለን አለፍነው። ኦሬስቴ በሩን በቀስታ ገፋው። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ወረቀት ማስቀመጫው ላይ ትንሽ መብራት አለች። ሸራው ላይ የገረጣችው እመቤት ያለ ድምፅ በአንድ ጎረምሳ አንገት ላይ ታጎነብሳለች። ከሸራው ፊት ኒቬስ ቡናማ የሥራ ጫማዋን አድርጋ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ ቆማለች፤ የገዛ ክንዷን ትስማለች፣ ትመጥጣለች፣ በመሀል ትቃትታለች። ሥራው እንዲህ ነው ለካ! አጠገቧ የጎረምሳውን ድምፅ የሚሰጠው ሰው ቆሟል፤ መላጣ፣ መነጽራም፣ ተራው እስኪደርስ ሞርታዴላ የሚባል ሥጋ የገባበት ዳቦ የሚበላ። ያችው ቁራጭ ፊልም አልቃ እንደገና ተጀመረች፤ ኒቬስም ክንዷን እንደገና ሳመች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በዚያ በምናውቀው በሚሟሟው ድምፅ፣ “ቅረበኝ። ሌሊቱ አያልቅም” አለች።

“አንቺ ነሽ?” አለ ኦሬስቴ።

“ማነው እሱ? ድምፁን አበላሸው!” ብሎ ኃላፊው ጮኸ። ኒቬስ ዞረች። መላጣው ሰው ዳቦውን ጎርሶ ከወረቀት ማስቀመጫው ጀርባ ገባ።

ውጭ እግረኛ መንገዱ ላይ ወጥታ እሳት ጎርሳ እሳት ለበሰች።

“ልትሰልለኝ መጣህ?”

“ክንድሽን አይቼ ነው...”

“የገዛ ክንዴን! ዓመት ሙሉ እሷን በኪስህ ይዘህ ስትዞር ተከትዬህ መጥቻለሁ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!”

“መነኩሴ ነኝ አላልሽኝም?”

“መነኩሴም እሠራለሁ፣ ማክሰኞ! እውነቱን ብነግርህ የከተማውን ትራም ሁሉ ታቆም ነበር።”

እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቆ ዝም ቢል ኖሮ ደግ ነበር። ኦሬስቴ ግን ያን ማታ እራት በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ በዚያ ድምፅ አንዲት ቃል ብቻ እንድትነግረው ለመናት። ሲለምናት ዓይኑን ጨፈነ። “ድምፁ የሷ ነው። ካማረህ ሄደህ ቲኬት ቁረጥ” አለችው።

ቅናቱ ከዚያ ወዲያ ባሰበት። ያ ፊልም ሰፈራችን ሲደርስ ዴቾ እንደ ልማዱ “ቅረቢኝ እመቤቴ!” ቢል፣ ኦሬስቴ ወንበር ዘሎ ኮሌታውን ያዘው። “ሚስቴ ናት!”

“የኔም ናት! ተራህን ጠብቅ!” አለ ዴቾ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኦሬስቴ በየወንበሩ የተቀመጠው ወንድ ሁሉ ሚስቱን ሲሰማበት አንጀቱ እርር ይል ነበር። እያረረም ሐሙስ አይቀርም።

ኒቬስ ደግሞ ሌላ ቁስል ነበራት። በመጸው አንድ ቀን አስጠራችኝ።

“ዓይኑን ሲጨፍን ማንን እንደሚያይ አላውቅም” አለችኝ። “ያቺን ነው እኔን? አዲሱን ፊልሟን ‘አልሠራም’ ብያለሁ፤ ለሌላ ሴት ሰጡት። የፊታችን ሐሙስ እዚህ ይታያል። እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ካየ የሚፈልገው ፊቷን ነው፤ እኔም ቴርኒ ከተማ ወደ እህቴ እሄዳለሁ። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል። ለሱ ትንፍሽ ብትል ዓይንህን እንዳላይ።”

ሐሙስ ገባን። የገረጣችው እመቤት እንደዚያ ቀን አምራ አታውቅም። ሰማያዊ ልብስ፣ እርጥብ ፀጉር፣ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ መጋረጃውንና ልብሷን አንድ ላይ ሲያነሳው። ዴቾ እንኳ ዝም አለ። እኔ የማየው ኦሬስቴን ነበር። እመቤቲቱ አፏን ከፈተች፤ ቀጭን፣ ጣፋጭ፣ የሌላ ሴት ድምፅ ወጣ። ኦሬስቴ ወደ ፊት ጎንበስ አለ፤ አልተነሳም። ደረጃው መጣ፣ ሻማው መጣ፣ ልብሷ ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ተነስ አንተ አህያ፣ እያልኩ በሆዴ ጸለይኩ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ባርኔጣውን አደረገ።

“ይቺን ሴትዮ አላውቃትም” አለኝና ተነሳ።

“ተቀመጥ! ገና አልነከሰችም!” ብለው ከኋላ ጮኹበት። ወጣ። ተከተልኩት፤ በግዙፍ ገላው ይሮጥ ነበር።

ቤት ስንደርስ ኒቬስ ኮቷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሰዓቱን አየች።

“ፊልሙ አለቀ?”

“እኔ እንጃ።” ሻንጣውን አየና ምንም ሳይጠይቅ ሄዶ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ሻንጣው ተሰነጠቀ።

“ቆንጆ አልነበረችም?”

“ቆንጆ ናት።”

ኒቬስ ሁለት ሦስት ባቄላ ፈለፈለች። “ድምፅ የሰጠቻትስ?”

ኦሬስቴ መዋሸት አያውቅበትም። “ደህና ናት” አለ።

የኒቬስ እጅ ቆመ። ተነስታ ኮቷን አወለቀች፣ በሩ ላይ ሰቀለችው፣ መጥታም ፊት ለፊቱ ቆመች።

“ደህና ማለት ምን ማለት ነው?” አለችው።