ቃል የማይስተው ተማሪ

የኔታ ወልደ ጻድቅ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ደብር ድጓ ያስተምራሉ። ድጓ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሁሉ የተጻፈበት፣ አንድ ሰው ሲታቀፈው ወገቡን የሚያጎብጠው ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ እሳቸው ግን የሚገልጡት ለወጉ ያህል ነው። ዐይናቸውን ጨፍነው ተማሪው ሲያዜም ያዳምጣሉ። አንዲት የዜማ ምልክት ከሳተ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ፤ ልጁን ላብ የሚያጠምቀው ይኸው መታ ማድረግ ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ቁጣ የለም። አለንጋም ሆነ አርጩሜ በጉባኤ ቤታቸው ደጃፍ ዝር አይልም። ሌሎች መምህራን «ወልደ ጻድቅ ተማሪ ያሞላቅቃል» እያሉ ያሟቸዋል፤ እሳቸውም ምክንያታቸውን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

የሚኖሩት ከልጃቸው ከየሻሽወርቅ ቤት ነው። የየሻሽወርቅ አንዲት ልጅ ወንጌላዊት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምራ አያቷን በጥያቄ ስታደክም ነው ያደገችው። አዳም እምብርት ነበረው ወይ ብላ የጠየቀቻቸው የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ የኔታ እስከ ዛሬ አልመለሱላትም። እንደ እሷ የሚወዱት ሰው በምድር ላይ አልነበራቸውም፤ ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፣ ቅር የሚለውም የለም።

በ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ወንጌላዊት የመዘምራን ልብሷን አጣጥፋ ለዩኒቨርሲቲው የግቢ ጉባኤ መለሰች። እናቷ ይህን ስትሰማ ዕንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ወዲያው ለነፍስ አባታቸው ለቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ደወለች። ቄሱም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ሳሎን ተቀመጡ፤ የኔታ ከማዶ፣ ልጅቱ መኻል ላይ።

«ከሁለት ሳምንት በፊት ነው መምህራችን ነገሩን ያነሣው» አለች ወንጌላዊት። «ስታሊን እኮ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው ያደገው። እናቱ ቄስ እንዲሆንላት ነበር ምኞቷ። ድምፁ ያማረ መዘምር ነበር። ከዚያ ወጥቶ ስንት ሚሊዮን ሰው ፈጀ!»

ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ፈገግ አሉ። መልሱ ቀሏቸዋል። «ልጄ፣ ሩሲያዎቹ እኮ ለክርስቶስ ሁለት ባሕርይ ባዮች ናቸው። ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?»

«አባ፣ አንድ ባሕርይ ቢል ኖሮ አይገድልም ነበር?»

ቄሱ ወደ ሌላ መልስ ዞሩ። «ደግሞስ ክዶ ነው። እምነቱን ጥሎ ነው የገደለ። የካደ ሰው የሠራው ለክርስትና ይቆጠራል?»

«መካዱንማ ካደ። ግን ዐሥር ዓመት ያህል በእጃቸው ነበር። ዐሥር ዓመት ሙሉ ‹ጠላትህን ውደድ› ሲባል ሰምቶ ምንም ካልሆነ፣ እኔ ነጠላ አጣፍቼ ምን እየሠራሁ ነው?»

ሁሉም ወደ የኔታ ዞሩ። ሊቁ አንድ ጥቅስ ጠቅሰው ነገሩን ይዘጉታል ብለው ጠብቀው ነበር። የኔታ ግን ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። የሻሽወርቅ እስከዚያ ቀን ድረስ አባቷ መልስ ሲያጡ አይታ አታውቅም።

መልስ አጥተው አልነበረም። የቄሱን መልስ ሁለቱንም እሳቸው ለራሳቸው ብዙ ጊዜ ብለውታል፤ ሌሊት ሌሊት ሳይቀር ብለውታል፤ አልረዳቸውም። በማግስቱ ጧት ወንጌላዊትን «ነይ፣ እግሬን ላፍታታ» ብለው ወደ ሐይቁ ዳር ይዘዋት ወጡ። ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ ከማዶ የዘጌን ጫካ በጭራቸው አሳዩአት።

«እዚያ ማዶ ነው ማስተማር የጀመርሁ» አሉ። «ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስድሳ ተማሪ በቡናው ውስጥ ጎጆ ጎጆውን ቀልሶ ይማራል። አምሐ የሚባል ልጅ ነበረኝ።»

አምሐ አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳም። ድምፁ ሲነሣ ለመሳለም የመጣ ሰው መንገዱን ትቶ ይቆማል። ከሌላ አገር ሊቃውንት መጥተው ሲያደምጡት «የማን ተማሪ ነው?» ይላሉ፤ «የወልደ ጻድቅ» ሲባል የኔታ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። በጉባኤ ቤት ልጅ የሚመዘነው በቃሉ ነው፤ ሳተ ወይስ አልሳተም? ጠባዩን የሚመዝን የለም። አንድ መምህር ደግሞ ስድሳውን ብቻውን አይደርስም፤ ልማዱ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ቃል በቃል እየነገሩ እንዲያስጠኑ ነው። የኔታም አምሐን የተማሪ አለቃ አደረጉት። አለንጋቸውንም ሰጡት።

«በገዛ እጄ» አሉ። «አንስቶ አልወሰደም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት። ትንንሾቹ አንድ ቃል ሲስቱ ከቡና ግንድ እያሰረ ይገርፋቸው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለውጥ መጣ። አምሐ ካባውን ጥሎ ደርግን ተከተለ። በቀይ ሽብሩ ጊዜ በሌላ አውራጃ መርማሪ ሆነ። ስንት እናት በእሱ ጥቁር ለበሰች! ከእጁ የተረፈ አንድ ሰው ኋላ መጥቶ ነገረኝ። ሲገርፍ ያዜም ነበር አለኝ። ያስተማርሁትን ያዜም ነበር፣ ልጄ። ምልክቱን ሳይስት።»

የኔታ ዕንባቸው ጺማቸው ላይ ወርዷል፤ አልጠረጉትም።

«የዚያን ዕለት አርጩሜ የሚባል ከቤቴ ወጣ። እንግዲህ ስለዚያ ስለ ሩሲያው ብትጠይቂኝ፣ በእሱ ክርስቶስን አልከስም። ወንጌሉ ግደል አላለው። መምህራኑን ግን ባገኛቸው አንድ ነገር እጠይቃቸው ነበር፤ ልጁ ሲያዜም ሰምታችሁታል፣ ሌላውንስ ሰምታችኋል ወይ? እላቸው ነበር።»

«እርስዎስ ሰምተው ነበር?» አለች ወንጌላዊት። «ልጆቹ ሲገረፉ ያውቁ ነበር፣ አባባ?»

ፊቷን አዩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቋጥሮ የከረመው ግንባሯ ገና መፈታቱ ነበር። አዎ ካሉ ይህች ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ከእሳቸውም እንደምትሄድ ታያቸው። ጎጇቸው ከተማሪዎቹ ጎጆ ዐሥር ርምጃ አይርቅም ነበር።

«ኋላ ነው የሰማሁ» አሉ። በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ጧት ኪዳን አድርሰው በወጡበት አፍ፣ ዋሹ።

ወንጌላዊት እጃቸውን ያዘች። ቀጥላ ግን ያልጠበቁትን ጠየቀች። «የተገረፉት ልጆች ስማቸው ማነው?»

የዓመቱን ዜማ ከዮሐንስ እስከ ዮሐንስ በቃላቸው የሚያወርዱ ሰው፣ የልጆቹ ስም ጠፋባቸው። አምሐን ያስታውሳሉ፤ የአምሐን ካባ ቀለም ሳይቀር ያስታውሳሉ። የሌሎቹ ለቅሶ እንጂ ስማቸው አልመጣላቸውም። በዚህ ያፈሩትን ያህል በሌላው አላፈሩም። በኋላ አንድ ብቻ መጣላቸው፤ «አንዱ ገድሉ ይባል ነበር» አሉ። «ከመራዊ በኩል የመጣ። ትንሽዬ።»

እሳቸው ይኸን ብለው ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ወንጌላዊትን ገና አላወቋትም! የመራዊ ልጅ የሆነች የዶርም ጓደኛ ነበረቻት፤ ዘመድ በዘመድ ተጠይቆ በሦስት ቀን ውስጥ ሰውየው ተገኘ። ቅዳሜ ጧት አያቷን ሚኒባስ ላይ ከመስኮቱ በኩል አስቀምጣ መራዊ ይዛቸው ወረደች። የኔታ መንገዱን ሙሉ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ሄዱ፤ ሁለት ጊዜ ጠፍቶባቸው እንደገና ጀመሩ።

ገድሉ ስድሳ የሞላው፣ እጁ በመስኖ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ገበሬ ሆኖ ቆያቸው። ሽንኩርቱን ውኃ ሲያጠጣ ነበር። እንዳያቸው ዶማውን ጥሎ ሮጦ መጣና ጉልበታቸውን ስሞ ቀና አልል አለ።

«የኔታ! እርስዎ በሕይወት አሉ? እኔን ብለው መጡ?»

ከቤቱ ደጅ ካለው ግራር ሥር መደብ ላይ አስቀመጣቸው። ሚስቱ እርጎ ይዛ መጣች፤ ያደጉ ልጆቹ ከበር ቆመው ሽማግሌውን እጅ ነሡ። ገድሉ ሰው ሲያናግረው ራሱን አዘንብሎ ቀኝ ጆሮውን ይሰጣል። ወንጌላዊት ይህን ስታይ እሱም አየቻት።

«ግራው የአምሐ ነው» አለ እየሳቀ። «በአንድ ጥፊ ወሰደው። አንዲት ቃል ነበረች የሳትሁ። በነጋታው ወጥቼ በእግሬ ወደ አባቴ ቤት መጣሁ፤ ቅስናው ቀረ፣ ሽንኩርቱ ሆነ።»

«ቤተ ክርስቲያንስ ይሄዳሉ?» አለችው።

«እሳለማለሁ፣ እጾማለሁ። ከእግዜር ጋር ምን አጣላኝ? ማሕሌት ላይ ግን መቆም አልሆነልኝም። ያ ዜማ ሲነሣ ሆዴን ያመኛል፤ እግሬ ይዞኝ ይወጣል። ልጆቼ ሲዳሩ እንኳ ተክሊሉን ከደጅ ነው ያየሁ።»

የኔታ እርጎውን አልቀመሱትም። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ዜማ ይህን ሰው ሆዱን ያመዋል።

«በቤተ ክርስቲያኒቱ አላዘኑም? በመምህሩስ?» አለች ወንጌላዊት። የምትጠይቀው ለራሷም ጭምር ነው።

«አይ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ምን አደረገችኝ? አንድ ክፉ ልጅ ነበር፤ ክፉ ልጅ የሌለበት የት አለ? የኔታም ቢሆኑ አያውቁም። ጎረቤቱ ሁሉ ‹መምህርህ የት ነበር?› ይለኛል። ‹የኔታ ቢያውቁማ ኖሮ ያን ልጅ አንድ ቀን አያሳድሩትም ነበር› እላለሁ። ስለ እርስዎ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ መሰልዎ? ይኸው ሃምሳ ዓመቴ!»

ወንጌላዊት ፈገግ አለች። ከእነዚያ ሁለት ሳምንታት ወዲህ የመጀመሪያዋ ፈገግታ ነበረች፤ የአያቷን እጅ ይዛ በኩራት አየቻቸው። የኔታ በዚያች ሰዓት መርቀው፣ ተሰናብተው፣ ሚኒባስ ይዘው መመለስ ይችሉ ነበር። ልጅቱም ልብሷን ታስመልስ ነበር፣ ገድሉም እንደተጽናና ይኖር ነበር። ማንም አይጎዳም፤ እንዲያ ብለው አሰቡ፣ እውነት ለመናገር ሁለት ጊዜ አሰቡት።

«ዐውቅ ነበር» አሉ ወደ መሬት እያዩ።

የተቀመጡት በገድሉ ግራ በኩል ነበር። አልሰማቸውም። ራሱን አዞረና ደኅናውን ጆሮውን አቀረበላቸው። «ምን አሉኝ፣ የኔታ?»

አሁን መጮኽ ነበረባቸው። ሚስቱ ቆማለች፤ ልጆቹ ከበር ላይ ናቸው፤ ወንጌላዊት አጠገባቸው ናት።

«ዐውቅ ነበር፣ ገድሉ! ስታለቅስ እሰማህ ነበር። ጎጆዬ ቅርብ ነበር። አምሐ ቃል አይስትልኝም፣ ያስመሰግነኛል ብዬ ዝም አልሁ። ለዚህች ልጅም አላወቅሁም ብዬ ዋሸኋት።»

ገድሉ እንዳዘነበለ ቀረ። ከሽንኩርቱ መደብ ውኃው ሞልቶ ወደ መንገዱ መፍሰስ ጀመረ፤ የሚገድበው ሰው አልነበረም። ወንጌላዊት እጇን ከአያቷ እጅ አወጣች። የኔታ እጇ ሲወጣ ተሰማቸው፤ ቀና ብለው ሊያዩአት አልደፈሩም።

«ለልጆቼ ሌላ ነበር የነገርኋቸው» አለ ገድሉ በመጨረሻ። በድምፁ ቁጣ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «የኔታ አያውቁም ብያቸዋለሁ። እኔ አሁን ደግሜ ልነግራቸው አልችልም። እርስዎ ይንገሯቸው።»

ልጆቹን በእጁ ጠራቸው። አራቱም መጥተው ከመሬቱ ላይ ተቀመጡ። ወንጌላዊት ከመደቡ ተነሣች፤ የኔታ ወደ መንገዱ የምትሄድ መሰላቸው። ዞራ ከልጆቹ መኻል ገብታ፣ ፊት ለፊታቸው፣ እንደ ተማሪ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና ዐይን ዐይናቸውን እያየች ጠበቀች። የኔታም ሻሻቸውን ከራሳቸው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ከመጀመሪያው ጀመሩ።