የበላሁት የመገበሪያ ስንዴ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ የምናገረውም እንድታዝኑልኝ አይደለም። ልጅ ነበርክ፣ ርቦህ ነበር ልትሉኝ ያሰባችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ተዉኝ። ለራሴ ሰበብ ስደረድር ኖሬ ሰልችቶኛል።

አባቴ የመንዝ ሰው ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ። እሱ ስለ አገሩ ሲያወራ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ነው፤ መንገደኛም የትም ቤት ገብቶ የእግዜር እንግዳ ነኝ ካለ እግሩ ታጥቦ ወተትና ማር ይቀርብለታል። አመንኩት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባዶ ኪሴን ይዤ ከሞላሌ እስከ ራቤል በእግሬ አገር ለማየት ወጣሁ። ክረምት መሆኑን ማን አስቦት! አደይ የለ፣ ሜዳ የለ፤ ጉሙ የገዛ እግሬን አላሳይ አለኝ። አንዱን ጫማዬን ጭቃው ውጦ አስቀረው። ደግሞ ፍልሰታ ነበር፤ ወተት ቀርቶ የገብስ ቆሎውም ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከጎተራው ጥራጊ ያካፍለኝ ነበር። እኔ ግን በአባቴም፣ በጉሙም፣ በጾሙም ተናደድኩ።

የባሰው ደግሞ ወዴት ነህ ሲሉኝ ነው። አገር ለማየት ነው ስል ይስቁብኛል። በክረምት ማን አገር ያያል? ስለዚህ ከራቤል ማዶ ያለውን ገዳም ልሳለም ነው ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ ትከሻዬን እየሳሙ ይቀበሉኝ ጀመር። ውሸቱ ጣመኝ።

እማማ ዘውዴ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት አሳደሩኝ። አንዲት ልጃቸው አስካለ በትኩሳት መደብ ላይ ተኝታለች። ለዚያው ገዳም መገበሪያ ተስለውላት ነበር፤ ለቁርባን የሚጋገረውን ስንዴ። ልጅቷን ጥለው መሄድ አልቻሉም። በዚያ የገብስ አገር ስንዴውን በበግ ለውጠው አግኝተው፣ ፍሬ በፍሬ ለቅመው፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ።

"አደራህን ልጄ፤ ይሄ ከደረሰልኝ ትነሳልኛለች" አሉኝ።

በላሁት። እኔ በላሁት። በማግስቱ ዝናቡ ሲያማርረኝ አንድ ቤት ገባሁና ስንቄ ነው፣ ቁሉልኝ አልኩ። ባለቤቶቹ ቅዳሴ እስኪወጣ ጾማቸውን ሲጠብቁ እኔ ብቻዬን ቆረጠምኩት። እስኪ የቤቱን ሰው እንኳ ቅመሱ አልኩ? አላልኩም። ከዚያ በእማማ ዘውዴ ደጅ ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዓመት በኋላ ከአባቴ ጋር ለዘመድ ልቅሶ ሞላሌ ሄጄ እማማ ዘውዴ ገበያ መሃል አገኙኝ። ጥቁር ለብሰዋል። አስካለ በዚያው ክረምት ማረፏን ነገሩኝና እጄን ያዙ።

"ልጄ፣ መገበሪያው ደርሶ ነበር?"

በልቼዋለሁ ብል ይረግሙኝ ነበር። ይርገሙኛ! ምን ነበረበት? እኔ ግን ፈራሁ፤ አዎ፣ በእጄ ለአበምኔቱ ሰጥቻለሁ አልኩ።

"እንግዲያ ልጄን የገደላት የእኔ ኃጢአት ነው" አሉና እጄን ሳሙኝ።

ስንዴው ቢደርስ አስካለ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም፤ ከዚያ ጥያቄ ጀርባም አልደበቅም። መብላቴንም ተዉት። አንዲት እናት ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ ብላ እንድታምን ያደረግሁ እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል ብናገር ያን ሸክም አወርድላት ነበር፤ አልተናገርኩም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ግን፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለራሳቸው ምሕረት ሲለምኑ ኖረው አረፉ።